ከመልአኩ በፊት ሐጂ

ምግብ ቤታችንን የዘጋነው በሐምሌ ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው በሐምሌ የተዘጋ ቤት ለምን ተዘጋ ብሎ አይጠይቅም። አቅም ያለው ሙቀቱን ሸሽቶ ከከተማ ይወጣል፤ የቀረውም ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ጥብስ አያምረውም። ባሌ ግን ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ያለችን አንዲት ክፍል አልበቃ ብላው፣ የጎኗን ጨምሮ ተከራየና የአየር ማቀዝቀዣ አስገጠመባት። ሰው ጎረፈልን፤ የጎረፈው ግን ሊበላ ሳይሆን ሊቀዘቅዝ ነው። አንድ ሻይ አዝዞ ጀንበር እስክትጠልቅ የሚቀመጥ ነበር። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ከሥጋው ሒሳብ በለጠ።

ጤፍና በርበሬ በዱቤ የሚሰጡን አንድ የሐረር ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሱቃቸው ማዕከላዊ ገበያ ነው። ለሌላው ሁሉ እንደምንም ከፍለን የሳቸው ዕዳ ብቻ ቀረ፤ ትልቁም እሱ ነበር። ሐጂ ከከሰሱን ሻንጣችንን ይዘን ድንበር ከመሻገር ሌላ መንገድ የለንም። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አያቴ ለባቡሩ ሥራ ከአገር ቤት መጥቶ እዚሁ ነው የተቀበረው። ወደማላውቀው አገር «ተመለሽ» መባሉ ያስፈራኝ ነበር።

ወንበሩንም፣ ፍሪጁንም፣ ያንን ጉደኛ የአየር ማቀዝቀዣም ሸጠን እጃችን ላይ ጥቂት ፍራንክ ገባ። ባሌ ታዲያ መጀመሪያ የገብርኤል ስለት መግባት አለበት ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ሁለተኛዋን ክፍል ሊከፍት ሲል የከፋይ ጃንጥላ ተስሎ ኖሯል። ቤቱ እኮ ተዘጋ ስለው፣ የተሳልኩት እንዲከፈት ነው እንጂ እንዳይዘጋ አይደለም፣ መልአኩ የድርሻውን አድርጓል አለኝ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እሱ እንደሚለው ሐጂ ሰው ስለሆኑ ይታገሣሉ፤ በመልአክ ግን አይቀለድም። ለዚህ ሰውዬ ከእኔ አፍ የአባ አፍ ይሻላል ብዬ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰድኩት።

አባ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ «መልአኩ የሚያበላቸው ልጆች የሉትም፤ ሐጂ ግን አላቸው» አሉት። ባሌ አቀርቅሮ መክሰር ኃጢአት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መክሰር ኃጢአት አይደለም፣ ከባለ ገንዘብ መደበቅ ነው እንጂ አሉት። እሱ ግን አሁንም አልተረታም፤ በየቀኑ ይቅር በለን እያልን የምንጸልይ ሰዎች ሐጂ ይቅር ይሉናል ብለን ብንጠብቅ ምን አለበት አለ።

«ይቅርታ የባለ ገንዘቡ ስጦታ ነው» አሉ አባ። «ያንተ ድርሻ መክፈል ነው። ያልተሰጠህን ስጦታ አትቁጠር።»

ስለቱን ሲሞላልህ ታገባዋለህ ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙን። ባሌም እሺ አለ፤ ሐሳቡን ሳይቀይርብኝ በዚያው ወደ ገበያ ይዤው ወረድኩ።

ሐጂ ከጆንያዎቻቸው መሀል ተቀምጠው ነበር። ባሌ ገንዘቡን ፊታቸው አኖረና ግማሹ እንኳ እንደማይሞላ፣ ቀሪውን ሠርቶ በየወሩ እንደሚከፍል ወለሉን እያየ ነገራቸው። እኔ ፖሊስ ሊጠሩ ነው ብዬ በሩን በሩን አያለሁ። እሳቸው ገንዘቡን ሳያዩት ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔን ያስቀየመኝ የገንዘቡ ነገር አይደለም» አሉት። «ነጋዴ ነኝ፤ እኔም ከስሬ አውቃለሁ። ግን ገበያ መሀል እያየኸኝ መንገድ ትቀይራለህ። ልጄ ሲታመም እንኳ እንዴት አደረ ብለህ አልጠየቅከኝም። እሱን በምን ትከፍለኛለህ?»

 የባሌ ዓይን እንባ ሞላ፤ እኔም አለቀስኩ። ልጃቸው መታመሙን አልሰማንም ነበር፤ ከሸሸነው ሰው ቤት ማን ወሬ ያመጣልናል? ባሌ ጠጋ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸውና ልጁ እንዴት ሆነ አላቸው። ድኗል፣ እንዲያውም ዛሬ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጣልቶ መጣ ብለው ሳቁ።

ልንወጣ ስንል ሐጂ አንድ ጆንያ ምስር ወደ እኔ ገፉልኝ። የፍልሰታ ጾማችሁ እየደረሰ ነው፣ ወደብ ላይ የጾም ምሳ የሚፈልግ የከባድ መኪና ሹፌር ሞልቷል፣ ከቤትሽ እየሠራሽ ሽጪ አሉኝ። ባሌ ደንግጦ ሌላ ዱቤማ አንችልም አለ።

«ላንተ አላበደርኩም» አሉት። «ለእሷ ነው።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ባይኖርሽ ሳትከፍዪኝ ማለፍ ትችያለሽ። ሰላም ሳትዪኝ ግን አታልፊም» አሉኝ።

ጆንያውን ባሌ ተሸከመ።