የየሻው «እንጃ»

ወረታ ከተማ ዳር፣ ወደ ርብ ወንዝ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ፣ የሻው የሚባል ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። ሚስቱ ጥሩብርሃን ሸክላ ትሠራለች። የፎገራ ገበሬ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ ወጡ የሚሠራበት ድስት ከነዚህ ባልና ሚስት ደጅ ነበር የሚወጣው። ገበሬው ግን ዕቃውን ከአጥር ውጭ ቆሞ ይቀበላል እንጂ ቤታቸው ገብቶ ውሃ አይጠጣም። «ባለእጅ ናቸው» ይላል። ቃሉን ላልለመደው ሰው ሙገሳ ይመስላል። በዚያ አገር ግን ቡዳ ለማለት አፍ ሲያፍር የሚባል ቃል ነው።

የሻው አንድ አመል ነበረው፤ ምንም ነገር አያደንቅም። ልጅ ሳለ የጎረቤት ላም አይቶ «እንዴት ያለ ጡት ነው!» ብሎ ነበር። ላሚቱ በሳምንቱ ሞተች። የረግረግ ሣር ነፍቷት እንደሞተች ባለቤቱም አይጠፋውም፤ ቢሆንም መጥቶ የአባቱን ወናፍ በካራ ዘነጠለው። ያን ጊዜ እናቱ የተዘነጠለውን ቆዳ እየሰፋች «ልጄ፣ ከእንግዲህ የሰው ነገር አታድንቅ» አለችው። «የገዛ ሥራህንም ቢሆን አታድንቅ። ደህና ነው ወይ ሲሉህ እንጃ በል።»

እንጃ እያለ አደገ። በሠርጉ ቀን እንኳ ሚዜዎቹ «ሙሽራዪቱ እንዴት ናት?» ቢሉት «እንጃ» ብሎ መለሰ። ጥሩብርሃን ይችን ነገር እስከ እርጅናዋ ድረስ አልረሳችለትም።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ጥማድ በሬ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር እየጎተተ ደጁ ደረሰ። የግራዝማች አዛናው መኪና ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር የፎገራን ውሃ ስታቋርጥ ኖራ፣ አሁን ከመሀሏ ጎብጣ በሯ አልዘጋ ብሏል። ሾፌሩ አለኸኝ መሪ ጨብጦ ከበሬ ኋላ መምጣቱ አሳፍሮት አንገቱን ደፍቷል። ግራዝማች ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፦

«አንተ የሻው፣ ይችን ነገር ታድናታለህ?» አሉ።

«እንጃ፣ ጌታዬ።»

«እንጃህን ተወውና እያት!»

የሻው በጀርባው ተንጋሎ ከሥሯ ገባ። ሻንሲውን፣ ማለት መኪናዋን ሁሉ የሚሸከመውን አጥንት፣ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየቆረቆረ አዳመጠ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ የታመመው እንደ ቅል ይታፈናል። በታፈነው ቦታ ወስፌ ቢሰድበት ያለ ምንም ድካም ጠልቆ ገባ። ሻንሲው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የስንት ክረምት ጭቃ እዚያው ተቀምጦ ከውስጥ በልቶታል።

«ቆዳዋ ደህና ነው፣ የማይዝግ ብረት ነው» አለ ዝገቱን ከፊቱ እየጠረገ። «አጥንቷ ግን አልቋል። ግራው ጭራሽ መለወጥ አለበት፤ ከኋላ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው አግዳሚም እንዲሁ። የቀኙ ግማሹ ይተርፋል።»

«እሺ፣ ዋጋህ ስንት ነው?»

የሻው መዶሻውን መሬት አኖረ። «ዋጋ አልጠይቅዎትም። ልጄ ስንዱ ከቁሐር ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ነው ያለች። አምና ክረምት ምጥ ይዟት ውሃው መንገዱን ዘግቶ ልጇ በሆዷ ቀረ። ዘንድሮም ፀንሳለች፤ ወሯ ነሐሴ ነው። ምጧ የመጣ ለት መኪናዋ ትድረስላት። ሐኪም ቤት ታድርስልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ግራዝማች እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ቁሐር ሚካኤልን! ልጅህ ልጄ አይደለችም?»

ጥሩብርሃን ጭቃ በያዘ እጇ መሬት ስማ ተነሣች።

ጾሙን በሙሉ መኪናዋ በግቢያቸው ዋለች አደረች። የሻው በዋንዛ ግንድ ደግፎ አቆማት። አንዱን ብረት ከማውጣቱ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ይለካና ቋጠሮ ያስራል፤ አዲሱ ሲገባ ቋጠሮው ትክክል ካልመጣ መልሶ ይነቅላል። ሁለት ብረት ባንድ ጊዜ አያወጣም፣ አጥንቷ እንዳይጣመም። አዲሱን ብረት ያመጣው ጣሊያን ርብ ዳር ጥሎት ከሄደ ካሚዮን ነበር። በመጋዝ ይቆርጠዋል፣ በእሳት ያግለዋል፣ በጋለው ላይ ይበሳዋል። ጥሩብርሃን ወናፉን ስትነፋ እሱ ፍም የመሰለውን ምስማር በጉጠት ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ይከትና፣ ሳይቀዘቅዝ አናቱን ቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ያሰፋዋል። ከሥሩ ውሃው የሚወርድበት ትንንሽ ቀዳዳ አበጀ። በመጨረሻም ውስጡን ሰምና የተቃጠለ ዘይት አቅልጦ አጠጣው።

ዶሮዎቻቸው ወንበሩ ላይ ማደር ለመዱ። አለኸኝ ሥራውን ለማየት እየመጣ ከአጥር ውጭ ይቀመጣል፤ ምሳውን ከቤቱ በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣል።

«አለኸኝ» ትለዋለች ጥሩብርሃን፣ «መኪናህ እኛ ቤት ስታድር ይኸው ሁለት ወር አለፋት። በላናት?»

«ኧረ እማማ ጥሩብርሃን፣ እኔ ምን አልሁ!»

«ትንሽ ከስታለች እንጂ» ትልና ትስቃለች። እሱም ይስቃል፤ ግን ውሃ ስታቀርብለት ጠማኝ አይልም።

ከፋሲካ በኋላ ግንዱ ተነቀለ። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆመች፤ በሯም እንደ አዲስ ሣጥን ግጥም አለ። አለኸኝ በደስታ ዘሎ ዞራት።

«አያ የሻው፣ ግራዝማች ጠይቅ ብለውኛል። ብረቱ ውሃውን ይችላል?»

የሻው ብረቱን አየ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ልቡ ሞልቶ አፉ ድረስ መጣ፤ የእናቱ ቃልም አብሮ መጣ።

«እንጃ» አለ። «ይሞክሩት።»

ነሐሴ ገባ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኖ ከጣና ጋር ገጠመ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ የስንዱ ባል እስከ ደረቱ ርሶ መጣ። ምጡ ከትናንት ወዲያ የጀመረ ነው። የሻው ኮፍያውን ሳያደርግ ወደ ግራዝማች ቤት ሮጠ። መኪናዋ በግቢው ዋርካ ሥር ቆማለች።

ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ በር ወጡ። ነገሩን ሰምተው ወደ ሜዳው እያዩ፦

«ውሃው እኮ ብዙ ነው፣ የሻው። መሀል ሜዳ ብትሰበርስ?»

«አትሰበርም፣ ጌታዬ።»

«አንተው አይደለህም እንዴ እንጃ ያልህ? ይችላል ወይ ብዬ ሳስጠይቅህ እንጃ አላልህም? ሠሪው እንጃ ባለው ብረት ሰው ነፍሱን ይጥላል?»

«ልማዴ ነው፣ ጌታዬ! አፌ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም! ይችላል፣ ጠንካራ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት!» የሻው እንዲህ ሲጮህ ራሱን ሰምቶ አያውቅም።

ከውስጥ የወይዘሮ ደብረወርቅ ድምፅ መጣ። «ኧረ ግራዝማች! አራስ ባለበት ግቢ ከቡዳ ጋር ምን ያቆምዎታል? ደግሞስ የነሱ ምጥ የወረደበት መኪና ተመልሶ እዚህ ሊገባ ነው?»

የልጃቸው ሚስት ከተገላገለች ገና አርባ ቀን አልሞላትም። የአገሩ አራስ ሁሉ ቡዳ እንዳይቀርባት ራስጌዋ ብረት ታኖራለች። በዚያች አራስ ራስጌ የነበረችውን ካራ የሠራት የሻው ነበር፤ አለኸኝ ራሱ መጥቶ ነው የወሰዳት።

ግራዝማች ዓይናቸውን ከየሻው አሸሹ። «ውሃው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃው ነው፣ የሻው።» በሩም ተዘጋ።

የሻውና የስንዱ ባል ሜዳው ድረስ ወርደው ስንዱን በአልጋ ተሸክመው ወጡ። የሻው በፊት በኩል ነበር፤ ውሃው ብብቱ ሲደርስ አልጋውን ወደ ራሱ ከፍ ያደርጋል። ከመኪና መንገዱ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመላቸው፤ ሾፌሩም ወርዶ ነጠላዋን ገለጠና መልሶ ሸፈናት። «አባቴ፣ ይችማ አርፋለች» አለ።

ሳልስቷ ወጥቶ፣ የለቅሶ ሣሩ ገና ከደጅ ሳይጠረግ፣ የግራዝማች የልጅ ልጅ ክርስትና ሆነ። ባለእጆች በግብዣ ቀን ከአጥር ሥር ተቀምጠው ምግብ በቅጠል ይሰጣቸዋል። የሻው በሐዘኑ ልብስ ሄዶ ከነሱ ዳር ቆመ፤ የሰጡትን ቅጠል አልተቀበለም።

ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። ላንድሮቨሯ በቁሐር በኩል የአራሷን ዘመዶች ጭና፣ የጠጅ ጋኑንና ሁለት በግ ይዛ ገባች። ጭቃው እስከ መስኮቷ ደርሷል፤ ያንኑ ውሃ ነው ያቋረጠችው። ሰው እልል አለ። አለኸኝ ከመሪው ወርዶ የሻውን ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

የሻው ከአጥሩ ተነሥቶ እስከ መኪናዋ ሄደ። ማንም አልከለከለውም፣ እንዲህ ሲሄድ አይተውት ስለማያውቁ። እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ ትክ ብሎ አያት።

«እንዴት ያለች መኪና ናት!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ወይ ጥንካሬዋ! ወይ ማማሯ! እንዲህ ያለች ቆንጆ ዓይኔ አላየም!»

እልልታው ቆመ።

«ትፋባት!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ ደብረወርቅ። «እትፍ በልባት፣ አንተ!» ያደነቀ ሰው ምራቁን ከተፋ ዓይኑ አይጎዳም ይባላል።

የሻው ወደ ግራዝማች ዞረ። እያዩት ምራቁን ዋጠ። ከዚያም በበሩ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ አለኸኝ መሪ አልጨበጠም። «ጌታዬ፣ ከፈለጉ እርስዎ ይንዱ፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። ግራዝማች ወደ በቅሏቸው ተመለሱ። መኪናዋ ምንም ሳይጎድላት ዋርካው ሥር ቆማ ቀረች፤ ለመሸጥም ቢሞከር የተበላች ናት ተብሎ ገዢ አልተገኘም።

የሻው ግን ያችን ቀን የበላው መኪናዋን ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ቡዳነቱ በወሬ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አፉን ሞልቶ ሲያደንቅ በጆሮዬ ሰማሁ የሚል ሰው በዛ። ማረሻ የሚያሠራው ሰው ሌላ ቀጥቃጭ ፍለጋ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ይሄድ ጀመር።

«አሁን ልጄ ተነሣችልህ?» አለችው ጥሩብርሃን አንድ ቀን፣ ያልተሸጠ ድስቷን ከጀርባዋ እያወረደች። የሻው የቀዘቀዘውን ፍም በጉጠት ነካካ። እንጃም አላለም።

ገበያ መሄጃዋ በግራዝማች ግቢ በኩል ነው። በአጥሩ ክፍተት መኪናዋ ትታያለች፤ የሰው ዶሮ ወንበሯ ላይ ትታቀፋለች። ጥሩብርሃን እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ ታደርግና፣ አየች እንዳይሏት፣ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች።