አጎቴ «ጨጓራውን» ይዞ ለብቻው ሲማከር

«አባባ፣ ሰሞኑን ተስፋ መቁረጥ ይሰማዎታል?» አለ፣ ዛሬ ዲላ ቤታችን ድረስ የመጣው የሥነ ልቦና አማካሪ።

«በፍጹም» አልን፣ ዘጠኝ ዘመዶች ባንድ አፍ። እንቅልፉ ሰላም መሆኑንም የመሰከረችው ጠዋት ከወናጎ የገባችው አክስቴ ናት።

አጎቴን የያዘው የተሰራጨ ካንሰር ነው። እንዳይደነግጥ ብለን ግን «ጨጓራ ነው» ብለነዋል።

አማካሪው ሁላችንንም አስወጣን። እኔ ለቤተሰቡ ክብር ስል በመስኮት አዳመጥኩ።

«ልጄ፣ ካንሰር መሆኑን ካወቅኩ ቆየሁ» አለው አጎቴ። «ልሰናበታቸው አፌን ስከፍት አንዷ ተልባ፣ አንዷ ቡላ ይዘው ይመጣሉ። እባክህ መጀመሪያ እነሱን አጽናናልኝ፤ እኔ ጊዜ የለኝም።»

ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ምክር የምንወስደው እኛ ነን። ተራ ያስያዘን አጎቴ ነው፤ አክስቴን አንደኛ አድርጓታል።

እስቲ ጻፉልኝ፤ እናንተስ ቤት ታማሚው ስንት ሰው ያስታምማል?