ለፈረንጅ የሚታይ ቤት

ከኮልፌ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ለቅሶዋ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ የአባቴን ባለ ስድስት ድንጋይ ሬዲዮ ከፍ አደረገችው፤ ድንጋዩ ስላለቀ ግን እሱም አብሯት ያቃስት ነበር።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ሌሎች ነግረዋችኋል፤ እኔ ስለ ዕቃ ላውራችሁ። እዚህ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኩባያው ወረቀት ነው፤ አንዴ ጠጥታችሁበት ትጥሉታላችሁ። የእኛ ቤት ጣሳ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር! ልጅ ሳለሁ ጣሳው፣ ሰንዱቁ፣ በጋዜጣ የተለጠፈው ግድግዳ በየሰው ቤት ነበሩ። ኋላ ከሰፈሩ ሁሉ ጠፍተው እኛ ቤት ብቻ ቀሩ። ያኔ አፍርባቸው ነበር፤ አሁን ይናፍቁኛል።

ለጥገኝነት ኢንተርቪው ስቀርብ መርማሪዋ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኔን ስለተጠራጠረች ያደግሁበትን ቤት ንገሪኝ አለችኝ። ናፍቆቴን ዘረገፍኩላት።

«ግድግዳው ጋዜጣ ነው? ለምን ቀለም አልተቀባም?»

«ቀለም አይነበብማ።»

«ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል ብለሻል። ለምን?»

«እንዳይበርደው» አልኩ፤ ስቀልድ ነው። ኮስተር ብላ መዘገበችው። ከዚያ የቤቱን ፎቶ አምጪ አለችኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት ማግኘቴ በእሱ ተንጠለጠለ።

እናቴ እንዳትጨነቅ ምክንያቱን ደበቅኋት። «ቤቱን ፎቶ አስነሥተሽ ላኪልኝ፤ ፈረንጆች ሊያዩት ነው» አልኳት። እኔ ደደብ! ፈረንጅ ሊያየው ነው ሲባል የእኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶኝ ነው?

ፎቶው የደረሰኝ በቀጠሮዬ ቀን ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ቀይ ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን መሀል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ሰንዱቅ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ሌላ ፎቶ አልነበረኝምና ለመርማሪዋ ሰጠኋት።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ማሳመር፣ ከጎረቤት ዕቃ መዋስ ልማዳችን ነው» ብዬ ለመንኳት።

«እኔ እንግዳ አይደለሁም» አለች። «ፎቶው የቤትሽ ከሆነ ዋሽተሻል፤ ካልዋሸሽ ቤቱ የሌላ ሰው ነው።»

ተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ነገሩ ገብቶታል። አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ።

ከወር በኋላ ኔጋቲቭ መጣብኝ፤ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። የዚያኑ ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የአባዬ ሬዲዮስ?»

«ልዋጭ ወሰደው፤ ሰንዱቁንም ጣሳውንም። ተጨቃጭቄ ሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ተቀበልኩት! ይልቅ ፈረንጆቹ ምን አሉ? አላሳፈርኩሽም?»

የሰባ ዓመት ሴት፣ ለእኔ ክብር ብላ ሟች ባሏን የምታስታውስበትን ዕቃ ሸኝታለች። በገዛ እጅሽ አስባረርሽኝ ልበላት?

«ወደዱት፣ እማዬ።»

«ተመስገን! እንግዲያው የጓዳውንም ጋዜጣ ነገ አስነሥቼ ቀለም አስቀባዋለሁ።»

ተይው ብላት ለምን ትለኛለች።

«አስቀቢው» አልኳት።