የተመለሰልኝ አፈር

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ስንዴዬን ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ጻፍሁት።

የምኖረው ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለቱን ሴት ልጆቼን ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ቤት ተከራይቼ የማስተምረው በአንዲት ጥቁር የዋልካ አፈር ማሳ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ግን «ሴት ብቻዋን ምን ታርሳለች» እያሉ በየዓመቱ ድንበሬን ይገፋሉ። ስለዚህ ማሳዬ ላይ ሰው ቆሞ ካየሁ ልቤ ደህና አያስብም።

የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንድ የማላውቀው ወጣት ማሳዬ መካከል አየሁ። ጥቂት ይራመዳል፣ ብረት ጠምዝዞ መሬት ውስጥ ያስገባል፣ የወጣውን አፈር ባልዲ ውስጥ ይጨምራል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። ድንበሩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። አዲስ ድንበር የሚያወጣ መሰለኝ።

ማን እንደላከው ጠየቅሁት። ከጎንደር የመጣ የአፈር ባለሙያ መሆኑን ነገረኝ። አፈሩ ሲመረመር ሰብሉ የሚያገኘው ፎስፈረስ የሚባል ምግብ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል አለ። ዋልካ ማዳበሪያውን ይዞ እንደሚያስቀርም አስረዳኝ።

«አፈር ደግሞ እንደ ሰው ይሰስታል?» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ማን ፈቀደልህ ስለው በእጁ አመለከተ። አያ ደሴ አጥራቸውን ተደግፈው ያያሉ። «ማሳው የእኔ ነው፣ ቆፍር» ብለውታል።

በልቤ እመቤቴን ጠራሁና፣ «ልጄ፣ ማሳው የእኔ ነው። አፈሬን መልስ» አልሁት።

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። ይቅርታ ጠየቀኝና ወደየጉድጓዱ እየዞረ አፈሩን መለሰ። ባልዲውን ገልብጦ መታ መታ አደረገው። ብረቱ ላይ የተጣበቀውን እንኳ በጣቱ ፋቀ። ዋልካ ቶሎ አይለቅም፤ ቆየበት።

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሮ፣ «አያ፣ መሬቱ የእርሳቸው ነው። ያለ ፈቃዳቸው አልወስድም» አላቸው።

«ለአንድ እፍኝ ጭቃ ነው ይህ ሁሉ?» ብለው አያ ደሴ ቤታቸው ገቡ።

ወጣቱም ኮሶዬ እንደሚያድር ነግሮኝ ሄደ። እሱና አያ ደሴ ተማክረው ቢሆንስ እያልሁ አመሸሁ። ግን መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ጣቱ ላይ የቀረችውን አፈር ምነው ይመልሳል?

ዛሬ ማዳበሪያዬን አልበትንም፤ በመስመር ከዘሩ አጠገብ አደርገዋለሁ። ስንዴዬ ሸጋ ነው። ይህን ያገኘሁት ከዚያ ልጅ ምርመራ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ያኔ ታዲያ፣ አፈሩን በመለሰልኝ በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ባልዲና መቆፈሪያ ይዤ ማሳዬ ገባሁ። እንዳየሁት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያልሁ፣ ከድንበሩ እየራቅሁ ቆፈርሁ። ባልዲውን ተሸክሜ ኮሶዬ ወጣሁ። ማኪናው ላይ ዕቃ ሲጭን ደረስሁበት። አፈሩን ላስቲክ ውስጥ ገልብጦ እስክሪብቶ አወጣ።

«የማን ማሳ ልበል?» አለኝ።

ስሜን ከነአባቴ ነገርሁት።