ከጣሪያው ጨርቅ ጀርባ የተጻፈው

ባለታክሲው ከመኪናው ሲወርድ ፀጉሩ ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሶበት ነበር። ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ወስፌ ከበርጩማው ሳይነሳ ከሩቅ አየውና በሽታውን አወቀ። የመኪናው የጣሪያ ጨርቅ ለቋል። ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስፖንጅ በፀሐይ ብዛት አርጅቶ ሲፈርስ እንዲህ ያለ ዱቄት ያዘንባል።

«ጋሽ ወስፌ፣ ድረሱልኝ!» አለ ባለታክሲው። «ትናንት አንዲት ሴትዮ ገብታ 'ሹፌር፣ ይሄን መጋረጃ ክፈትልኝ' ብላ መንገዱን ሙሉ አሳቀችብኝ።»

«እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«አራት ወር።»

«አራት ወር ሙሉ ምን ትሰራ ነበር?»

«መርፌ ቁልፍ እሰካ ነበራ! ሃያ ሦስት መርፌ ቁልፍ አለበት፣ ይቁጠሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ? እኔ መች ደበቅኩ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአናቱ ተሸክሞታል።»

ወስፌ ፈገግ እንኳ አላለም። ሳቅ የማይቀናው ሰው ነው። ወስፌ የሚለውን ቅጽል ያወጡለትም ሥራው መስፋትና መውጋት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ሲናገርም ስለሚዋጋ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሰፈሩ ሁለቱን «ወስፌና ክር» ይላቸው ነበር። ክሩ ከተበጠሰ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

«ይሄ መኪና የአባትህ አልነበረም?» አለ ጣሪያውን በጣቱ ገፋ አድርጎ።

«የአባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ይሄን ጣሪያም እርስዎ እንደሠሩለት ይነግረን ነበር።»

«አስራ አንድ ዓመት ቆየ ማለት ነው። አላሳፈረኝም። ነገ ከሰዓት መጥተህ ውሰድ።»

ወስፌ ሥራውን ለብቻው ጀመረ። ወንበሮቹን ወደ ኋላ አስተኛ። በካቻቪቴ የመብራቱን ክዳን፣ የእጅ መያዣዎቹንና የፀሐይ መከላከያዎቹን ፈታ፤ ብሎኖቹን እንዳይደባለቁ በየቆርቆሮው ለየ። የበሮቹን ጎማ ከዳር ዳር ላጠ። ጣሪያው የተለጠፈበትን ትልቅ ካርቶን በኋላ በር አሾልኮ አወጣና በሁለት በርሜል ላይ በተጋደመው ጣውላ ላይ አስተኛው። ጨርቁን ከአንድ ጫፍ ይዞ ሲጎትተው ያለ ምንም ጣጣ ተገፎ መጣ።

የቀረው አሰልቺው ሥራ ነው። ካርቶኑ ላይ የቀረው የስፖንጅ ፍርፋሪና ከሥሩ የደረቀው ማስቲሽ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ባዶው ካርቶን መታየት አለበት። አሮጌ ማስቲሽ አዲሱን አይቀበልም። ይህን የማያከብር ሠራተኛ በወሩ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣበታል፤ ወስፌ ላይ ደግሞ በአርባ ዓመት ውስጥ ተመልሶ የመጣ ሥራ አልነበረም።

አፉን በጨርቅ አስሮ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ይፈቅ ጀመር። መካከል ላይ ሲደርስ፣ ዱቄቱ ተጠርጎ ማስቲሹ ብቻ በቀረበት ቦታ፣ እንደ ማር ባለው ቢጫ ሽፋን ውስጥ የእርሳስ ጽሑፍ ታየው። ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ።

የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም።

ሚስቱ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና ትሰፋለች፣ እሱ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ማስቲሹ ከመቀባቱ በፊት እሷ ሁልጊዜ ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ቀኑንና የደንበኛውን ስም ትጽፋለች። ጽፋ ስትጨርስ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደ እሱ ትዞርና «እስቲ እየው፣ ልክ ነው?» ትለዋለች። ወስፌ ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን በመስመሩ ላይ ይነዳል፣ ቀና ብሎም «ልክ ነው» ይላል።

ወስፌ ያኔ ፊደል አይለይም ነበር። እሷ ታውቃለች፤ ሌላ ሰው ግን አያውቅም። በደንበኛ ፊት «እስቲ እየው» ማለቷ የባሏን ክብር መጠበቋ ነበር። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ግን «ና ቁጭ በል፣ ሀ ሁን ላሳይህ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በሁለት ክረምት ይጨርሰዋል» ትለዋለች። እሱም «እኔ ጨርቅ ነው የማነበው፤ ፊደሉን ላንቺ ትቼልሻለሁ» ብሎ ይነሳል።

ፊደል የቆጠረው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በስልክ የምትልከውን መልእክት የሚያነብለት ጠፋ። አንድ ቀን ጨክኖ ስልኩን ለጎረቤቱ ጎሚስታ ሰጠው። ጎሚስታውም ጎማውን እየነፋ «አባቴ፣ ናፍቀኸኛል፣ ሻወር እየወሰድክ ነው ወይ?» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ጮኾ አነበበው። ወስፌ ስልኩን ተቀብሎ ሄደ፤ በማግሥቱ የልጆች የፊደል ገበታ ገዛ። ለሻጩ «ለልጅ ልጄ ነው» አለው። ልጁ ገና አላገባችም ነበር። ከዚያ ወዲያ የመኪና መስታወት ለመሸፈን በኪሎ የሚገዛውን አሮጌ ጋዜጣ እየፈታታ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከፊደል ጋር ታገለ። አሁን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ ያነባል።

መነጽሩን አደረገ። ጣቱን ማስቲሹ ላይ አሳርፎ ቀኑን አለፈው፣ የባለታክሲውን አባት ስም አለፈው። ከሥሩ ሌላ ነበር፤ ሦስት መስመር።

«ግራ ጡቴ ሥር ያለው እብጠት አልጠፋም። አድጓል። ለሱ አልነገርኩትም፣ ሥራውን ጥሎ ይንከራተታል። ልጅቷ ትመረቅና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ በትክክል ያነበበ አልመሰለውም። እንደገና ከላይ ጀመረ። ፊደሎቹ አልተለወጡም።

ያ ቀን ትዝ አለው። የባለታክሲው አባት እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። እሷ ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ አጎንብሳ ጻፈች። «ዛሬስ ረዘመ» ሲላት «የጨርቁንም ዓይነት ጻፍኩበት» አለችው። ከዚያ ዞራ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «እስቲ እየው፣ ልክ ነው?» አለች።

ሰው ፊት ነበር። ወስፌ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን በሦስቱም መስመሮች ላይ ነዳ፣ ቀና አለ።

«ልክ ነው» አላት።

ማስቲሹንም የቀባበት በገዛ እጁ ነው። ሌላ ጊዜ ወዲያው ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጽሑፉ እስኪዋጥ ድረስ አጠገቡ ቆማ አየች። ልጅቷ ከአስር ወር በኋላ ተመረቀች። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ምነው እስከዛሬ ቆያችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ወስፌ «አላወቅንም» አለ፤ እሷ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር።

ለማን ነበር የጻፈችው? እንዲያነበው ነው ወይስ እንደማያነበው ስለምታውቅ? ይህን የሚጠይቃት የለም።

ጽሑፉን ያነበበ ቀን ሌላ ሥራ አልነካም። በማግሥቱ ጠዋት ካርቶኑን ሁሉ ፈቆ አጸዳ፤ ያችን የመዳፍ ተኩል ቦታ ግን ሊነካት አልቻለም። ቃሉን እንደሆነ በቃሉ ይዞታል። እጇን ግን፣ ያን ወደ ቀኝ ዘንበል የሚል አጻጻፏን፣ ማን ይይዝለታል? አሮጌ ስልኩ ፎቶ አያነሳም። ካርቶኑን ቆርጦ እንዳያወጣው ጣሪያው ይላላል። አዲስ ካርቶን እንዳይገዛ ለዚህ መኪና የሚሆን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። «ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ከያዘ አንዲት መዳፍ ምን ታደርጋለች?» አለ ለራሱ። እንደማይሆን ያውቅ ነበር። አዲሱን ጨርቅ በላዩ ለጠፈና መኪናውን አስረከበ።

በአስራ ሰባተኛው ቀን የባለታክሲው ጥሩንባ ደጁ ላይ ጮኸ።

«ጋሽዬ፣ ኑና ጉድ እዩ! ጣሪያው ሆድ አውጥቷል! ተሳፋሪው 'መኪናህ ስንት ወሯ ነው?' እያለኝ ነው!»

ጎሚስታው ከወዲያ ማዶ አንገቱን አስግጎ «ወስፌ ዶለዶመ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ።

ወስፌ ሄዶ አየ። ከጣሪያው መካከል፣ ልክ በዚያች ቦታ፣ ጨርቁ ተነፍቶ ወርዷል። ፊቱ ደም መሰለ። አርባ ዓመት የጠበቀው ስሙ በአንዲት መዳፍ ቦታ ፈሰሰ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የጨርቁም አይደለም፣ የማስቲሹም አይደለም። የኔ ነው። እንደገና እሠራዋለሁ፣ ምንም አትከፍልም።»

ለጠብ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ ቡጢውን የሚያሳርፍበት ያጣል። ባለታክሲው ድምፁ ወረደ። «ምንም አይደል፣ ጋሽዬ። ሰው ነዎት። ያጋጥማል።»

«አያጋጥምም» አለ ወስፌ። «ጎሚስታው ጋ ሄደህ ተቀመጥ፤ ሲያልቅ እጠራሃለሁ።»

ካርቶኑን አወጣ። ጨርቁን ከዳር ይዞ በጥንቃቄ፣ ቁስል ላይ የተጣበቀ ፋሻ እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ እያለ ገፈፈ። መካከሉ ላይ ሲደርስ አሮጌው ማስቲሽ እየተሰነጣጠቀ ከአዲሱ ጋር አብሮ ተነሳ። ጽሑፉንም ይዞት ተነሳ። የመጀመሪያው መስመር ስፖንጁ ላይ ተፈረካክሶ ቀረ፤ ሁለተኛውም ተከተለው፤ የሦስተኛውም ጫፍ ሄደ። ሊያድነው ብሎ የሸፈነው ነገር በሽፋኑ ጠፋ።

ካርቶኑ ላይ ሳይነካ የቀረው «ልጅቷ ትመረቅና ሐኪም ቤት» የሚለው ብቻ ነበር።

ወስፌ ጣቱን በቃላቱ ላይ አስኬደ። ልጁ በእረፍቷ ስትመጣ እዚሁ ጣውላ ዳር ተቀምጣ ታወራዋለች፤ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ልማዷ ነው። ይህን ብታይስ? ወይም ጣሪያው ሌላ ቦታ ተከፍቶ አንዱ አንብቦ ቢነግራትስ? እናቷ የቆየችው ለእሷ ምርቃት ብላ እንደነበር ሰምታ እንዴት አድርጋ ትኖራለች? እሱ መሸከም ይችላል። ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ ይከብደዋል እንጂ አይሰብረውም። ልጅቷ ግን ምን አጠፋች?

ብሩሹን አነሳ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በርትቶ ፈቀው። ባዶው ካርቶን እስኪታይ ድረስ ፈቀው። ዱቄቱ ጫማው ላይ ዘነበ።

ከዚያ ወደ ቤት ገባና የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ሳበ። የእርሳሷ ቁራጭ ከቁልፎቹ መካከል ነበረች፤ ጫፏ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። ወጥቶ ካርቶኑ ላይ አጎነበሰ። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩም ወደ ታች የሚንሸራተት፣ ግን የሚነበብ ነበር። ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም ጻፈ፦

«አሁን አነበብኩት። ልክ አልነበረም።»

ባለታክሲው መቀመጥ ሰልችቶት መጣ። «ምን ነው የሚጽፉት፣ ጋሽዬ?»

«ቀኑን ነው» አለ ወስፌ፤ ወዲያውም ማስቲሹን ቀባበት።

ያ ጣሪያ እስከ ዛሬ አልወረደም። ወስፌ ግን ከዚያ ወዲህ ታክሲ ሲሳፈር መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። እሷ የጻፈችባቸው ስንት መቶ ካርቶኖች በከተማው ውስጥ ይዞራሉ፤ ከቀኑና ከስሙ ሥር ሌላ ምን እንደጻፈችባቸው አያውቅም። በጨርቁ ስፌት የእሷ እጅ መሆኑን ሲለይ መዳፉን ልኮ ገፋ ያደርገዋል። ጠብቆ የያዘ ከሆነ እጁን መልሶ ጭኑ ላይ ያሳርፋል።