ዋሱ እኔ ነኝ

ቤቴን ያለ ደላላ እሸጣለሁ ብዬ ስነሣ ባለቤቴ፣ «አንተ እንኳን ቤት ሳይክል መሸጥ አትችልም» አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ያለው ቤታችን ደጃፍ፣ ሣሩ ላይ፣ «ለሽያጭ» የሚል ምልክት ተከልኩ። ፎቶውን በስልኬ አነሣሁ፤ ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚሞላውን ቅጽም ራሴ ሞላሁ። «ኤሲው ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ውሸት አልነበረም። ኤሲው ይሠራል፤ ሲያሰኘው።

እውነቱን ለመናገር ከእኛ በፊት የነበሩትንም ሰዎች ያሰለቸ አሮጌ ኤሲ ነበር። ከሰዓት በኋላ ማቃሰት ይጀምርና ለብ ያለ አየር ይተፋል። እኛም በየክፍሉ ቬንትሌተር አቁመን፣ ስለ ጉዳዩ ላለማንሣት ተስማምተን እንኖር ነበር። ሜይ ላይ፣ ገዢዎች ሊያዩ በሚመጡበት እሑድ፣ ቤቱን ከንጋት ጀምሬ አቀዘቀዝኩት። አምስቱን ቬንትሌተሮች መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደርድሬ መጋረጃውን ሳብኩባቸው። በዘዴዬ በጣም ኮርቼ ነበር።

የመጡት ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ካለው አፓርታማ መውጣት የፈለጉ እናትና ልጅ ናቸው። ልጅቷ ኤርፖርት ትሠራለች። ከፋይዋ እሷ ብትሆንም ወሳኟ እናቷ እንደሆኑ ከበር ሲገቡ ያስታውቃል። እማማ ነጠላቸውን እንደለበሱ በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት። ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ ግድግዳ አንኳኩ፣ ከዚያ «እጄን ልታጠብ» ብለው መታጠቢያ ቤት ገቡና ትንሽ ቆይተው ወጡ።

«ቤቱን ወደነዋል» አለች ልጅቷ። «ግን፣ ማለቴ፣ ሆም ዋራንቲ ትገዛልናለህ አይደል? ኤሲ ምናምን ከተበላሸ ለአንድ ዓመት ካምፓኒው ሠራተኛ ይልካል። ሌሎች ሴለሮች ይሰጣሉ።»

ዋራንቲ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለገዢ ልገዛ ብዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ነገ የሰው ለሚሆን ቤት ምን አስጨነቀኝ ብዬ ትቼዋለሁ። ግን በገዛ ሳሎኔ፣ በአገሬ ሰው ፊት፣ የእኔ ቃል አልበቃ ብሎ የካምፓኒ ወረቀት ስጠየቅ ደሜ ፈላ።

«የምን ወረቀት ነው?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ዋሱ እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ማንኛውም ነገር ቢበላሽ እኔን ኮል አድርጉ።»

ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ፤ አልሰማኋትም። ልጅቷ ልትከራከር ስትል እማማ በእጃቸው አስቆሟት። «ሰው ዋስ ከሆነልን ይሻለናል» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «አንቺ ምስክር ነሽ» አሏት።

«ነኝ» አለች ባለቤቴ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁትም።

ቤቱ ተሸጦ ገና ወደ አዲሱ ቤታችን ዕቃ ሳናስገባ የእማማ ስልክ ጀመረ። መጀመሪያ የጋራዡ በር፣ ቀጥሎ የወጥ ቤቱ ቧንቧ። እኔ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የምነዳው፤ ስለ ቧንቧ የማውቀው ውኃ ወደ ታች እንደሚወርድ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አምፖል ተቃጠለ ብለው ደወሉ።

«እማማ፣ አምፖል እኮ ዋስትና ውስጥ አይገባም» አልኳቸው።

«ማንኛውም ነገር ብለሃል። ምስክሯን ልጠይቃት?»

ሄጄ ቀየርኩ።

ኦገስት ላይ ኤሲው ለይቶለት ሞተ። ይዤው የሄድኩት ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ አየና፣ አዲስ ከመግዛት ሌላ መላ የለውም አለኝ። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። እማማ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን በውኃ ሳፋ ነክረው፣ ነጠላቸውን አርጥበው ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ጋራዥ ገብቼ የዋራንቲ ካምፓኒ ጋ ደወልኩ፤ እንዳልዘገየሁ ሆኜ ለልጅቷ ልገዛላት ነበር ሐሳቤ። ስልኩን ያነሣችው ሴት፣ «አሁን ኤሲው በደንብ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያችው ጥያቄ ናት። ቅጹ ላይ ሳላመነታ ምልክት አድርጌባታለሁ። አሁን ግን የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ሳፋው ይታየኛል። ስልኩን ዘጋሁት።

ለአዲሱ ቤታችን አጥር ያጠራቀምነው ገንዘብ ለእማማ ኤሲ ሆነ። በማግስቱ ተገጥሞ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እውነቱን አወጣሁት። «እማማ፣ ስሸጥልዎ ኤሲው እንደማይከርም አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አሉ። «ገንዳ ውስጥ የቆሙትን አምስት ቬንትሌተሮች አይቻቸዋለሁ።»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። «ታዲያ ወረቀቱን ለምን አላስገዙኝም?»

አሁንም ሳፋው ውስጥ የነበረውን እግራቸውን አውጥተው በፎጣ አደረቁ።

«ወረቀቱን አላውቀውም» አሉ። «ቬንትሌተር የሚደብቅ ሰው ግን ኀፍረት ያውቃል ብዬ ነው።»

እማማ ፎጣውን አጣጠፉና፣ ፍሪጁ ሌሊት ሌሊት ይጮሃል አሉኝ። ዓመቱ ሊሞላ ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር። ተንበርክኬ ፍሪጁን ከግድግዳው መሳብ ጀመርኩ።