ልጄ ለኮሌጅ የጻፈችው ድርሰት

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ዘር ተከራከርን። ነገሩን ያመጣው የኮሌጅ ማመልከቻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘሩን እንዳያዩ ከልክሏል፤ ተማሪው ራሱ በድርሰቱ በዘሩ ምክንያት የደረሰበትን ከጻፈ ግን ማንበብ ይችላሉ። የትምህርት ቤቷ አማካሪ እንዲህ ብላ አስረድታታለች።

ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። «አትጽፊም» አላት። «እኔ የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ብሔር ሲጽፉብኝ ኖሬያለሁ። አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ? በማርክሽ ግቢ።»

እኔ ትጻፍ ባይ ነበርኩ። «ማርክ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ድርሰት ለምን ይጠይቃሉ?» አልኩት።

«እንግሊዝኛዋን ሊያዩ ነዋ።»

እሱ አዲስ አበባ እያለ ጠይም ነበር። ጥቁር የሆነው በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ላስ ቬጋስ በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ የሥራ ፎርም ላይ ዘሩን ሲሞላ ነው። ይህን ሳስታውሰው «እሱ ሌላ ነው» አለኝ።

አንድ እሑድ ልጃችን ላፕቶፗን ፊቴ አስቀመጠችና «ማሚ፣ አንቺ መጀመሪያ አንብቢ» አለችኝ።

የጻፈችው እኔ ክፍል ስለማጸዳበት ሆቴል ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት መጥታ ሺፍቴ እስኪያልቅ ሎቢ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን ጥበቃው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አላት። እናቴን እየጠበቅኩ ነው ብትለው አላመናትም። ቦርሳዋን ፈትሾ ወደ ውጭ አስወጣት። አጠገቧ የተቀመጡትን ሁለት ነጭ ልጆች ምንም አላላቸውም። እኔ ስወጣ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ውስጥ በኤሲው በረደኝ» አለችኝ፤ እኔም አምኜያት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጣያለሽ። ከዛ ጆብሽ ይሄዳል።»

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» አላት። ክርክሩ በዚሁ አለቀ፤ ድርሰቱም የዚያኑ ቀን ተላከ።

ጥበቃውን አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ሰላም እንባባላለን። በማግስቱ ሥራ ስገባ ጉዳዩን አንሥቼ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና አላስታውስም አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አልዋሸም። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅሽ እንዴት ናት ብሎም ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት፤ ጋሪዬን እየገፋሁ ወደ ሊፍቱ ሄድኩ።

ካመለከተችባቸው ሦስት ኮሌጆች ሁለቱ ተቀበሏት። አጥብቃ የፈለገችው ሦስተኛው እምቢ አላት። ባለቤቴ «በድርሰቱ ምክንያት ይሆን?» አለ።

«ዳዲ፣ ሪዝኑን አይናገሩም» አለችው።

ነሐሴ ላይ ሻንጣዎቿን ጭነን ከተቀበሏት ወደ አንዱ ወሰድናት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስንነዳ ባለቤቴ ያወራው ስለ ጎማ አየር ብቻ ነበር።